የሸጋው ዱቄት

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

ዓይኑ ቢጫ ሆኗል።

መጀመሪያ የሱቄ ሸራ መስሎኝ ነበር። ሸራው ቢጫ ስለሆነ ሥሩ የቆመ ሰው ሁሉ የታመመ ይመስላል። እጁን ይዤ ወደ ፀሐይ ሳወጣው ግን ያው ነው። አባዬ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ "ምን ታዪኛለሽ፣ ትንሽ ደክሞኝ ነው" አለ።

አባዬ በዚህ ወቅት ከማሳ አይወርድም። ማሽላው እያፈራ ነው፤ ቀን ዝንጀሮ፣ ማታ ከርከሮ ይመጣል። ከመስከረም ጀምሮ ማማው ሥር በሠራት ጎጆ ውስጥ ነው የሚያድረው፣ ውሻው ደጁ ላይ። ማሽላው ማሳ ላይ ቆሞ እያለ እሱ አሶሳ ሲገባ ያየሁት እናቴ የሞተች ዓመት ብቻ ነው። ስለዚህ ሱቁ በር ላይ ቆሞ ሳየው፣ ዓይኑን ገና ሳላይ፣ ክው ብያለሁ።

ነገ ሐኪም ሲጠይቀኝ እንዳልንተባተብ ያየሁትን ልጻፍ።

ዓይኑና የምላሱ ሥር ቢጫ ነው።
ሽንቱ እንደ ቀይ ሻይ ጠቁሯል። ይህን ፊቱን አዙሮ ነው የነገረኝ።
እህል አስጠልቶታል። ምሳ አቀረብኩለት፣ ሁለት ጊዜ ጎርሶ እጁን ታጠበ።
ቀኝ ጎኑን ስነካው ተሸማቀቀ።
ቀበቶው ላይ በሚስማር አዲስ ቀዳዳ በስቷል።

ውሻው ሸጋው ተከትሎት መጥቷል። የባጃጁ ሾፌር ውሻ አልጭንም ስላለ ከአምባችን እስከ ከተማ ከኋላ ሲሮጥ ነው የመጣው። ሱቁ በር ላይ ምላሱን አውጥቶ ተጋድሟል። ቡላ ውሻ ነው፤ ፀጉሩ ቅቤ የተቀባ ይመስላል፣ የጎድን አጥንቱ አይታይም። "ጌታው ከስቶ ውሻው ሰብቷል" አልኩ፣ ለመሳቅ ያህል። አባዬ የውሻውን ጆሮ አሻሸ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19

አስተኙት። ሆስፒታሉ ሞልቷል፤ አልጋ ያገኘነው በመስኮቱ በኩል ጥግ ላይ ነው።

ዶክተሯ ልጅ እግር ናት፤ ስትጠይቅ ግን እንደ ፖሊስ ነው። ይጠጣሉ? አይጠጣም፣ እኛ ሙስሊሞች ነን። ጫት? አልፎ አልፎ። የባህል መድኃኒት? የለም። የሚወስዱት ኪኒን? የለም። ምን ይበላሉ? እዚህ ላይ አፌ ተፈታ። ስለ አባቴ ምግብ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ዱቄቱን የምፈጭለት እኔ ነኝ።

ሥራዬ ይህ ነው፣ መፍጨትና መለየት። የእንስሳት መኖ እሸጣለሁ። ለዶሮ፣ ለላም፣ ካለፈው ዓመት ወዲህ ደግሞ ለውሻ። ከተማው ውስጥ ግቢውን በውሻ የሚያስጠብቅ በዝቷል። በቆሎ፣ የኑግ ፋጉሎ፣ ከሥጋ ቤት የማመጣው ደርቆ የተፈጨ አጥንት ቀላቅዬ በከረጢት አስራለሁ። የዶሮ መኖ የሚገዛ ሰው ውስጡ ምን እንዳለ ይጠይቃል፤ የሻገተ ከገባበት ዶሮዋ ትሞታለች፣ የሞተችውን በፌስታል ይዞብኝ ይመጣል። የውሻ የሚገዛ ሰው ምንም አይጠይቅም። "ለውሻ እኮ ነው፣ ረከስ ያለውን ስጪኝ" ነው የሚለኝ።

ለዶክተሯ የበቆሎውን ነገር በኩራት ነገርኳት። ነሐሴ ላይ የአባዬ ቆርቆሮ አፍስሶ የአምናው በቆሎ ራሰ። ስደርስ ግማሹ ሞቆ ነበር፣ እጄን ስከተው እንደ እበት ያቃጥላል። ሸራ ላይ አስጥተን ሁለታችን ተቀምጠን ለቀምን። ነጩና ጠንካራው ለአባዬ። የተሰባበረው ግን ንጹሕ የሆነው ለዶሮ። የጠቆረውና አረንጓዴ ብናኝ የያዘው ለብቻው። ይህን ሦስተኛውን ልደፋው ሳነሳ አባዬ እጄን ያዘኝ።

"እህል አይደፋም።"

"ሻግቷል እኮ አባዬ።"

"ለሸጋው ይሁን።"

አልተከራከርኩትም። አጥቤ፣ አድርቄ፣ ከጥሩው ጋር እንዳይነካካ በመጨረሻ ፈጨሁት። የከረጢቱን አፍ በቀይ ጨርቅ አሰርኩና "ይህ የሸጋው ነው፣ እንዳይምታታብህ" አልኩት። "አይምታታብኝም" አለ። ነጩን በነጭ ሲባጎ አሰርኩለት። ለሱቄ መኖ የከለከልኩትን ለራሳችን ውሻ ሰጠሁ፣ አዎ፤ ግን ውሻ ምን ይሆናል ብዬ ነው።

ዶክተሯ ጻፈች። "ጥሩ ነው" አለች። ደስ አለኝ፣ ልክ እንደተመረቅኩ።

አባዬ ከአልጋው ላይ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ። "ሸጋው በላ?"

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20

የጉበት ቫይረስ የለበትም። አልሐምዱሊላህ ልል አፌን ስከፍት ዶክተሯ አንገቷን ነቀነቀች። ቫይረሱ ቢሆን ቢያንስ ምን እንደሆነ እናውቅ ነበር አለች። ጉበቱ ግን በጣም ተጎድቷል።

እንደገና ስለ ምግብ ጠየቀችኝ። የሻገተ እህል፣ የሻገተ ለውዝ አልበሉም ወይ? በዚህ አገር በቆሎና ለውዝ ላይ የሚወጣ ሻጋታ ጉበት ይመርዛል፤ ማጠብና መቀቀልም አያጠፋውም አለች። ደሜ ፈላ። ትናንት ያን ሁሉ ስነግራት የት ነበረች? "እኔ መኖ ነጋዴ ነኝ፣ ሻጋታ እለያለሁ። አባቴ የሚበላውን ነጭ ዱቄት እኔም ቤት ነው የምበላው፣ ይኸው ዓይኔን እዪው" አልኳት። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ ሰው ዞረ። ዶክተሯ አልተቆጣችም። ብቻ "አስቢበት" አለችኝ።

ምን አስባለሁ? ያሰብኩትን ነው የነገርኳት።

ማታ ቤት ገብቼ ለሸጋው ምግብ አዘጋጀሁ። ከቀይ ጨርቁ ዱቄት ትንሽ ለሱ ብዬ ከተማ ያስቀረሁት ነበረኝ። በአጥንት ውሃ ገንፎ አድርጌ አቀረብኩለት። ቀረበ፣ አሸተተ፣ ወደ ኋላ ተመለሰ። ዞሮ መጥቶ እንደገና አሸተተና ሄዶ ተኛ። ቀኑን ሙሉ ምንም አልበላም እኮ። "ከተማ ስትገባ ጠገብክ" አልኩት። የራሴን ትራፊ ስሰጠው ሳህኑን ሊበላው ደረሰ።

ልጅ ሆኜ አንድ ጊዜ የቀረበልኝን ምግብ አሸትቼ ነበር። ለምን እንዳሸተትኩ አላስታውስም። አባዬ እጄን መታ አደረገና "እህል የምታሸቺው ውሻ ነሽ?" አለኝ። ከዚያ ወዲህ ምግብ አሸትቼ አላውቅም። ሸጋውን ሳየው ይህ ትዝ አለኝና ብቻዬን ሳቅሁ። ከሰኞ ወዲህ የመጀመሪያ ሳቄ ነው።

ዓርብ፣ ጥቅምት 21

ዛሬ ምንም አልጽፍም ብዬ ነበር።

የደሙ ውጤት ብሶበታል። ጠዋት ስገባ አላወቀኝም። አየኝ፣ ፈገግ አለ፣ ግን የፈገገው ለኔ አልነበረም። "ሰልፉ ደረሰ?" አለኝ። የቱ ሰልፍ ስለው "ስንት ጣሳ ሰጡሽ?" አለ። ከዚያ ፋጡማ ብሎ ጠራኝ። የኔ ስም ሰዓዳ ነው። ፋጡማ በሰባ ሰባቱ ርሃብ ወሎ የሞተች ታናሽ እህቱ ናት፤ ስሟን ያነሳው ምናልባት ሁለት ጊዜ ነው፣ ያውም እናቴ አስገድዳው።

እኔ የተወለድኩት እዚህ ነው። ለሰፈራ ከወሎ በአውቶቡስ ጭነው አምባው ላይ ሲያወርዷቸው አልነበርኩም። የማውቀው አባዬ ዱቄት የፈሰሰበትን መሬት እንደሚያብስ፣ ጎተራ ሥር የወደቀ ፍሬ ሲያይ ጎንበስ ሳይል እንደማያልፍ ነው። በልጅነቴ ቋቁቻ ያለበት ሰው እንደሚያክክ አድርጌ ነበር የማየው፤ የሱ ጠባይ ነው ብዬ።

ባለቤቴ ጀማል ከማንኩሽ ደወለ፣ መኪናውን ጭኖ እዚያ ቆሟል። "ልምጣ?" አለኝ። "ጭነትህን አራግፍና ና" አልኩት። በረታሁ። ስልኩን ዘግቼ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ዶክተሯ ደግማ አልጠየቀችኝም። እሷ ዝም ስትል ይብሳል። ነገ ማሳ እወጣለሁ። ልብሱን ማምጣት አለብኝ፣ ማሽላውንም ማየት አለብኝ፤ ተነስቶ "ዝንጀሮ በላው?" ካለኝ የምመልሰው ይኑረኝ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ማሳው ደህና ነው። የሁለቱንም ማሳ የጠበቀው ሃሩን ነው። ሃሩን የበርታ ብሔረሰብ ሰው ነው፣ ማሽላው ከኛ ጋር ድንበርተኛ ነው፤ እሱና አባዬ በየማማቸው ላይ ሆነው ሲጮሁ ነው ያረጁት። አማርኛ የለመደው ትልቅ ሰው ከሆነ በኋላ ስለሆነ ሴቱንም ወንዱንም "አንተ" ነው የሚለው። ሲያየኝ ወንጭፉን አንገቱ ላይ ጥሎ መጣ።

"አባትህ እንዴት ነው?"

"አላወቀኝም ሃሩን።"

"መስኪን" አለ፤ ቁጭ አለ። መሬቱን በጣቱ ጫረ። ከዚያ "የውሻ ዱቄት ነው" አለ።

አልገባኝም። ሸጋው ታሞ ነበር ሊለኝ መሰለኝ። ቀስ ብሎ ነገረኝ። ሸጋው ከቀይ ጨርቁ ዱቄት የተሠራውን ገንፎ የመጀመሪያ ቀን በላና አስመለሰው። በማግስቱ አሸተተና ተወው። በሦስተኛው ቀንም ተወው፣ ከሳ፣ ማታ ከርከሮ ሲገባ ተኝቶ አልጮኸም፣ የማሽላው አንዱ ጥግ ተረገጠ። አባዬ ያን ቀን ጠዋት ሁለቱን ከረጢት ጎን ለጎን አስቀምጦ ሲያይ ቆየ።

"ለውሻ ነጩ ሰጠ። እሱ የውሻን በላ። ሳህን አልቀየረም፣ የውሻ ሳህን ለውሻ ነው። ዱቄት ብቻ ነው ቀየረ። እኔ ለአባትህ ነገርኩት፣ አንተ ይመር፣ ይህ ነገር ጥሩ አይደለም፣ ውሻ እምቢ አለ አልኩት። ሳቀ። ውሻ ሥራ አለው አለ። ውሻ ካልበላ አይጮህም፣ ካልጮኸ ማሽላ የለም አለ። ወላሂ እኔ ባሚያ አመጣሁለት፣ ዓሣ አመጣሁለት። ባሚያውን ከዚያ ዱቄት ጋር በላ።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"አትንገር አለ። ልጄ ከሰማች ሌላ ነጭ ትፈጫለች፣ ትቸገራለች አለ።"

ጎጆው ገባሁ። ነጭ ሲባጎ ያለው ከረጢት ሊያልቅ ነው፤ የሸጋው ሳህን ጠርዝ ላይ የደረቀው ገንፎ ነጭ ነው፣ የኔ ቤት ገንፎ። ቀይ ጨርቅ ያለው ከግማሽ በታች ወርዷል። የአባዬ ድስት ታጥቦ ተደፍቷል፣ ግን ሥሩ ላይ የቀረው ቅርፊት አመድማ ነው። ጥፍሬ ላይ አድርጌ ቀመስኩት። ይመራል። ይህን ነው ስንት ሳምንት የጎረሰው፣ ቢስሚላህ ብሎ።

አልተምታታበትም። እንዳለው አልተምታታበትም።

ከረጢቱን ተሸክሜ በቀጥታ ሆስፒታል ሄድኩ። ዶክተሯ ከፈተችው፣ አየችው፣ ቀይ ጨርቁን መልሳ አሰረችው። "ይሄ ነው" አለች። አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

እሑድ፣ ጥቅምት 23

ማርከሻ የለውም። ዶክተሯ ደግማ ደጋግማ አስረዳችኝ። መርዙ መግባቱን አቁሟል፤ ከዚህ በኋላ ጉበቱ ራሱ ይነሳል ወይም አይነሳም። ግሉኮስ፣ ቫይታሚን፣ ንጹሕ ምግብ፣ መጠበቅ። በሱ ዕድሜ እንዴት ነው ስላት "እንጠብቅ" አለች።

ከሰዓት በኋላ ነቃ። አወቀኝ። "ሰዓዳ፣ መቼ መጣሽ?" አለ፣ እኔ ለቀናት ከአጠገቡ ሳልጠፋ።

ላልናገረው ነበር። ታማሚ አይወቀስም፣ አውቃለሁ። ግን አፌ አመለጠኝ። "አባዬ፣ ከውሻው ቀምተህ ነው የበላኸው?"

ሃሩን እንደነገረኝ ገባው። ዓይኑን ወደ ጣራው አነሳ። "አልቀማሁትም፣ እምቢ ያለውን ነው የበላሁት" አለ።

"እምቢ ካለ አይገባህም?"

"ገብቶኛል።" ትንፋሹ እያጠረው በመሐል እያረፈ ነው የሚናገረው። "ውሻ እህል ሲመርጥ ሳይ ደስ አለኝ ሰዓዳ። አገር ጠገበ ማለት ነው። እኔ ግን ልምረጥ? እኔ? እነ ፋጡማ…" አልጨረሰውም።

እኔም አልጨረስኩለትም። እጁን ያዝኩ። መዳፉ ላይ የወንጭፉ ገመድ ያወጣው ጠባሳ አለ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው። ልጮህበት ፈለግሁ፣ ላቅፈውም ፈለግሁ፤ ሁለቱንም አላደረግሁም።

ከዚያ የሚያናድደኝን ነገር ተናገረ። "ስትለዪው ጥፋት አልነበረብሽም። በደንብ ነው የለየሽው።"

በደንብ ነው የለየሁት፣ እውነት ነው። ግን ለማን ነው የለየሁት? ለዶሮ አይሆንም፣ ገዢ ይቆጣል። ለሰው አይሆንም፣ ነውር ነው። ከሁሉ በታች ያለ አንድ አፍ ፈልጌ እዚያ አስቀመጥኩት። ከሱ በታች ሌላ አፍ መኖሩን፣ ያውም የአባቴ መሆኑን አላሰብኩም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 24

ዶክተሯ ዱቄቱን ከሰውም ከእንስሳም አርቁት አለች። ላቃጥለው አሰብኩ፤ ሃሩን አይሆንም አለ፣ ሣሩ ደርቋል፣ ማሽላው ሊያዝ ይችላል። ስለዚህ ቀበርነው። ከሾላው ዛፍ ማዶ፣ ከማሳው ውጭ። ሃሩን እስከ ደረቱ ቆፈረ፣ እኔ አፈሩን አወጣሁ። ቤት ያስቀረሁትንም ጨመርኩት። ሳፈሰው አመድማው ብናኝ ተነሳና ፊታችንን በሻሽ ሸፈንን። ሸጋው ከሩቅ ቆሞ ሲያየን ነበር፣ አልቀረበም።

እኔ ርሃብ አላየሁም፤ ግን እህል ጉድጓድ ውስጥ ስደፋ የሆነ ሰው ከኋላዬ ቆሞ የሚያየኝ መሰለኝ። ዞር አልኩ፣ ማንም የለም። ሃሩን "ቢስሚላህ በል" አለኝ። ቢስሚላህ አልኩ።

ሱቅ ተመልሼ "የውሻ" ያልኳቸውን ከረጢቶች በሙሉ ፈታሁ። ሻጋታ የለባቸውም፤ እንደ ዶሮው ንጹሕ ናቸው። ግን እየፈታሁ ሳለ አንዲት ደንበኛዬ ትዝ አለችኝ። በየሳምንቱ የውሻ ዱቄት ትወስዳለች፣ ረከስ ያለውን። ከሱቄ ኋላ ነው የምትኖረው። ከግቢዋ የውሻ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም።

አልጠየቅኳትም፣ አልጠይቃትምም። የሰው ገበና ነው። ግን አጥንቱ ከዛሬ ጀምሮ ከንጹሕ ቦታ ይመጣል፣ በቆሎውም እኔ ለራሴ የማስፈጨው ይሆናል። ደንበኛ ለምን ተወደደ ካለኝ ይበል።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 25

ክፉ ቀን። ሌሊቱን አስመለሰው አሉኝ። ጠዋት አፍንጫው ደምቶ ነበር፣ ትንሽ፣ ግን ዶክተሯ ፊቷን ስታጠቁር አየሁ። ደሙ እንዲረጋ መርፌ ወጉት። ቀኑን ሙሉ አልተናገረም።

ጀማል ደረሰ። ልብሱ ላይ የመንገድ አቧራ እንዳለ ሆስፒታል መጣ፤ ከአልጋው እግር ሥር ቁጭ አለ። ማታ እሱ ሊያድር፣ እኔ ቤት እንድሄድ ተስማማን።

ሸጋው የሆስፒታሉ በር ላይ ነው። ዘበኛው ሁለት ጊዜ አባረረው፣ ሁለት ጊዜ ተመለሰ። በሦስተኛው ዘበኛው ተወው። አጥንት ሰጠሁት፣ አሸተተና በላ። ምን አለ ለአባዬ ያንን አፍንጫ አላህ ቢሰጠው አልኩ። ከዚያ አፍንጫው እንደነበረው ትዝ አለኝ። ነውር ነው ብሎ ነው ያልተጠቀመበት።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 26

የነጣ ሊሆን ይችላል። ዓይኑን ነው የምለው። ጀማል "ነጥቷል" ይላል፣ እኔ ዛሬ ፀሐዩ ጠንካራ ስለሆነ ነው እላለሁ። ዶክተሯ "ትናንት ካየሁት አልባሰም" አለች፤ ከዚያ በላይ አላለችም። ደሙ ቆሟል። በትራስ ደግፈነው ተቀመጠ።

ስለ ማሽላው ጠየቀኝ። ነገርኩት። ስለ ሃሩን፣ ስለ ሸጋው። ከዚያ የፈራሁትን ጠየቀኝ።

"ዱቄቱን ምን አደረግሽው?"

መዋሸት አስቤበት ነበር። ሐኪሞቹ ወሰዱት ልለው። ዓይኑን ሳየው አልቻልኩም። "ቀበርነው አባዬ። እኔና ሃሩን።"

አንሶላውን በጣቱ ሲያጣጥፍ ቆየ። ይቆጣል ብዬ ጠበቅኩ። ያለቅሳል ብዬም ጠበቅኩ።

"የት?"

"ከሾላው ማዶ።"

"በደንብ ጠልቋል?"

"ሃሩን እስከ ደረቱ ነው የቆፈረው። ሸጋው እንዳያወጣው ብለን።"

"ሸጋው አያወጣውም" አለ። "ድንጋይ ጫኑበት። የሚቆፍር ሰው ነው። እኛ ለፍሬ ብለን የጉንዳን ቤት ቆፍረናል።"

ጀማል አቀረቀረ። እኔ ወጥቼ ለሃሩን ደወልኩ። ነገ ጠዋት ከወንዙ ድንጋይ አምጥቶ እንደሚጭንበት ቃል ገባልኝ፤ "አባትህን ሰላም በል" አለ።

ስመለስ የሾርባው ሰዓት ነበር። ራሴ የሠራሁት ነው፣ ከነጩ በቆሎና ከዶሮ። ማንኪያውን ወደ አፉ አስጠጋሁለት። አፉን አልከፈተም። መጀመሪያ የዘጋኝ መሰለኝ፣ ደነገጥኩ። ከዚያ አፍንጫው ሲንቀሳቀስ አየሁ። አባዬ ሾርባውን አሸተተው። ቀስ ብሎ፣ በደንብ፣ ሁለቴ። ሲያሸት እንዳየሁት አየኝና በቢጫ ዓይኑ ትንሽ አፈረ።

"ጥሩ ነው?" አልኩት።

"ጥሩ ነው" አለና ጎረሰ።

ግማሹን ጨረሰ። ነገ ጠዋት ለምርመራ ደም ይወስዳሉ።